ሆዱን ያሰሩት ጆንያ

(ቅዳሜ ጧት ነው። የባምላኩ ጋሪ የበርበሬ ጆንያ ጭኖ ከገጠር ወደ ቡሬ ገበያ ይሄዳል። ከጆንያዎቹ መካከል ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። እንቁ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች መንፈቅ አልፏታል፤ ሕፃኗን ለአማቷ ትታ መውጣቷ ነው። ነገር ቶሎ አይገባትም ይሏታል፤ እንዲህ እንደሚሏትም ቶሎ አልገባትም። እትየ በለጠች የባሏ አክስት ናቸው። የማያውቁት ነገር የለም፤ ካለም ነግሯቸው የሚያመልጥ ሰው የለም። እንቁ በሃይላንድ የያዘችውን ውኃ ወደ አፏ አስጠግታለች።)

በለጠች፦ አስቀምጪው አልሁሽ!

እንቁ፦ አንድ ጉንጭ እኮ ነው፣ እትየ።

በለጠች፦ ጎርፍም የሚጀምረው በጠብታ ነው። ሴት ልጅ መንገድ ስትወጣ ውኃ አትጠጣም።

እንቁ፦ ከጠማትስ?

በለጠች፦ ከንፈሯን ትልሳለች።

እንቁ፦ አዋላጇ ግን ጠጪ ብላኛለች።

በለጠች፦ የትኛዋ አዋላጅ?

እንቁ፦ የጤና ጣቢያዋ፣ ሳሌም።

በለጠች፦ ያቺ ልጅ? ወልዳ ታውቃለች?

እንቁ፦ አልወለደችም።

በለጠች፦ ኧረግ! ስምንት የወለድሁት ሴትዮ ጎረቤትሽ ተቀምጬ! ለመሆኑ ምን ሆንሁ ብለሽ ሄድሽ?

(እንቁ ባምላኩን በዓይኗ ታሳያለች። ባምላኩ ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቷል፤ ጆሮው ግን ወደ ኋላ ነው።)

እንቁ፦ (ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ) ስስል ያመልጠኛል።

በለጠች፦ ምኑ? ዶሮው?

እንቁ፦ ሽንቴ፣ እትየ።

በለጠች፦ ሽንት!

ባምላኩ፦ ላቁመው እንዴ?

በለጠች፦ ንዳ አንተ!

እንቁ፦ ስስል፣ ሳስነጥስ፣ ጀሪካን ሳነሣ። ልጄን ለቁርባን ማቅረብም ተውሁ። በቅዳሴ መሐል ቢያመልጠኝስ እያልሁ፣ ሁልጊዜ አቅፋ የምትገባው አማቴ ናት። ነገ ግን እኔው ላቀርባት አስቤያለሁ።

በለጠች፦ በዚህ ሁኔታሽ?

እንቁ፦ እሱን ነው የምፈራው።

በለጠች፦ የመቀነት ጉድለት ነው። አራስ ሳለሽ አጥብቀሽ ብታስሪ፣ ሁሉም በየቦታው ይረጋ ነበር።

እንቁ፦ አስሬ ነበር፤ ባሰብኝ።

በለጠች፦ አላጠበቅሽማ።

እንቁ፦ መተንፈስ አቅቶኝ ነበር እኮ።

በለጠች፦ ቆይቶ ተነፈስሽ አይደል? ላልቷል ማለት ነው።

(እንቁ ታስባለች። ነገሩ ልክ አይመስላትም፤ ልክ ያልሆነው የቱ ጋ እንደሆነ ግን አላገኘችውም።)

እንቁ፦ ሳሌም ሌላ ነው ያለችኝ። ከታች ፊኛውን፣ ማሕፀኑን፣ አንጀቱን የሚሸከም ሥጋ አለ። በእርግዝናና በምጥ ተለጥጦ ይደክማል። ሲያሠሩት ግን እንደ ክንድ ይጠነክራል አለች።

በለጠች፦ ክንድ የሚጠነክረው እንጨት ሲሸከሙ ነው።

እንቁ፦ ለጊዜው ከባድ አትሸከሚ ብላኛለች።

በለጠች፦ አየሽ! ሳይሸከም የጠነከረ ክንድ አይተሽ ታውቂያለሽ?

እንቁ፦ አላውቅም።

በለጠች፦ ታዲያ?

እንቁ፦ ይህ ክንድ አይደለማ። ሽንትና ፈስ ሲመጣ እንደሚይዙት አድርጎ ወደ ላይ መሳብ ነው። ትንሽ ይዞ ጨርሶ መልቀቅ፤ እንደገና መሳብ። እየሸኑ ግን አይደለም። በየቀኑ ደጋግሞ፣ ለወራት።

በለጠች፦ ይኸው ነው? ኪኒን የለው፣ መርፌ የለው?

እንቁ፦ የለውም። ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ እየሠራሁት ነው። «ማንም አያውቅብሽም» ስላለችኝ፣ እንዳይታወቅብኝ ከጎተራው ኋላ እየተደበቅሁ ነበር የምሠራው።

በለጠች፦ ከጎተራ ኋላ?

እንቁ፦ ባሌ እህል አውጥቼ የምሸጥ መስሎት ቁልፍ ገዛ።

በለጠች፦ ምስኪን የወንድሜ ልጅ።

እንቁ፦ ኋላ ስጠይቃት፣ ለካ ድሮውንም አይታይም። አሁንም እየሠራሁ ነው።

በለጠች፦ (ትኩር ብለው) አሁን?

እንቁ፦ አሁን። ... ለቀቅሁት።

በለጠች፦ ምንም አላየሁም።

እንቁ፦ እሱን እኮ ነው የምልዎ።

በለጠች፦ ስሚ፣ አንቺ በወሬ ስለማይገባሽ በዓይንሽ ላሳይሽ። ይህን ጆንያ ተመልከች። ሆዱ እንዴት ተዘርጥጧል! እንግዲህ መቀነት እናስረዋለን። ያን ገመድ አቀብዪኝ።

እንቁ፦ የሰው በርበሬ ነው፣ እትየ።

በለጠች፦ ጫፉን ያዢ። ሳቢ! ሳቢ እንጂ!

እንቁ፦ ታቹ እየተነፋ ነው።

በለጠች፦ ታቹን ማን ጠየቀሽ? ወገቡን እዪ! እንዴት ያለ ሸንቃጣ ወጣው!

(የጆንያው ስፌት ከታች ተተረተረ። በርበሬው ተዘረገፈ፤ ቀይ ብናኝ ጋሪውን ሞላው። ሁለቱም ያስነጥሳሉ። ባምላኩ ያስነጥሳል። ፈረሱም ያስነጥሳል።)

ባምላኩ፦ (ጋሪውን አቁሞ) ማነው ይህን ጆንያ ወገቡን ያሰረው?

(ባምላኩ እያጉረመረመ ወርዶ ከመንገዱ ላይ በርበሬ መልቀም ይጀምራል። እንቁ ዕንባዋን ትጠርጋለች። ከዚያ እጇን በቀስታ ወደ ቀሚሷ ሥር ትሰዳለች። ደረቅ ነው። አላመነችም፤ ደግማ ትነካዋለች።)

እንቁ፦ እትየ! አላመለጠኝም!

በለጠች፦ እሰይ።

እንቁ፦ ይህን ሁሉ አስነጥሼ! ነገ ልጄን አቅፌ እገባለሁ!

በለጠች፦ እሰይ አልሁ እኮ።

እንቁ፦ ይነሡ እንግዲህ፣ እንልቀምለት።

በለጠች፦ እናንተ ልቀሙ። እኔ እዚሁ ሆኜ እጠብቃለሁ።

እንቁ፦ ምኑን?

በለጠች፦ እስኪደርቅ።

(እንቁ ወደ በርበሬው ታያለች። በርበሬው ደረቅ ነው። ወደ እትየ በለጠች ትመለከታለች። ይህኛው ቶሎ ገባት። ነጠላዋን አውልቃ ጭናቸው ላይ ጣል ታደርግላቸዋለች።)

እንቁ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው?

በለጠች፦ ከሁለተኛ ልጄ። የእርጅና ነው ብዬ ተውሁት።

እንቁ፦ ያን ጊዜ አርጅተው ነበር?

በለጠች፦ ጡቴ ገና አልወደቀም ነበር።

እንቁ፦ እንግዲያ ማኅበር ላይ ጠላ የማይቀምሱት...

በለጠች፦ አዎ።

እንቁ፦ እኛኮ ስእለት ነው እንላለን። ሰው ሲቀልድ የማይስቁትስ?

በለጠች፦ ከሳቅሁማ አለቀልኝ።

እንቁ፦ ቅዳሴ ሲሆን ከደጀ ሰላሙ ውጭ የሚቆሙትስ? ቄሰ ገበዙ «ትሕትናን ከበለጠች ተማሩ» ብለው አስተምረውብዎታል!

በለጠች፦ አስተምረውብኛል። ቆመው ሲያስተምሩ ምን ልበላቸው?

እንቁ፦ ሳሌም ዘንድ ልውሰድዎ። ቢቆይም ይረዳል ትላለች። በዚህ ካልተሻለ ወይም ወደ ታች የወረደ ነገር ካለ፣ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ዘንድ ትልካለች።

(እትየ በለጠች ነጠላውን ጭናቸው ላይ ያስተካክላሉ። እንቁ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር ታስበዋለች። አንድ ነገር ከነከናት።)

እንቁ፦ ግን እኮ፣ እትየ... ከዳኑ ትሕትናዎ ሊቀር ነው።

በለጠች፦ ይቅርብኝ። እኔም እንደ ሰው ገብቼ፣ ቅዳሴውን በዓይኔ ልየው።