ጥቁር ፕላስቲክ የለበሰው መሠረት

ሰው በመኪና ይቀናል፤ አይፈረድበትም። በሹመት ይቀናል፣ በሰው ትዳር ይቀናል፤ ይሁን። እኔ ግን የቀናሁት በፕላስቲክ ነው። ያውም መሬት ውስጥ በተቀበረ ፕላስቲክ! አትሳቁ እንጂ፣ መጀመሪያ ስሙኝ።

መካኒሳ አቦ ክረምትን ያልከረመ ሰው እርጥበትን አውቃለሁ አይበል። ከላይ ለሚዘንበውስ ጃንጥላ አለ። ከታች የሚመጣውን በምን ትመልሱታላችሁ? አፈሩ ጥቁር አፈር ነው፤ ውሃ ከጠጣ አይለቅም። የኔ ቤት ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ናት። ሐምሌ ሲገባ የሳሎኑ ግድግዳ ከሥሩ እስከ ወገቡ ያልበዋል። በየዓመቱ ቀለም እቀባለሁ፣ በየዓመቱ ይላጣል። ሶፋውን ከግድግዳው አርቀን መሀል ቤት ስለምናስቀምጠው እንግዳ ሲመጣ "ምነው፣ ቤት ልትለቁ ነው እንዴ?" ይለናል።

ከበላዬ ያለው ጎረቤቴ ተካ አሮጌ ቤቱን አፈረሰና ምድር ቤት ያለው ቪላ ጀመረ። ቆፈረ፣ ግንብ አቆመ፤ ደግ። አንድ ቀን አንድ አይሱዙ መጥቶ ጥቅል ጥቅል ጥቁር ፕላስቲክ አራገፈ። ወፍራም ነው፣ የመኪና ጎማ ይመስላል። ሠራተኞቹ መጋጠሚያውን በእሳት እያቀለጡ፣ ግንቡን ከውጭ፣ አፈር በሚነካው በኩል ዙሪያውን አለበሱት። ከወለሉም ሥር አነጠፉ። ውሃ እንዳይገባ ነው አሉ።

ሚስቴ ብርቄ በአጥሩ ቀዳዳ አየችና፣ "ሰው ለቤቱ እንዲህ ያስባል" አለች። ለማን እንደተባለ ገባኝ። አንጀቴ እርር አለ! ተካ ደግሞ ጉረኛ አይደለም፤ የሚያናድደውም ይሄ ነው። ቢጎርርብኝ እጠላውና እገላገል ነበር። እሱ እቴ! "ና እስቲ እይልኝ" ብሎ ጠርቶ፣ ሻይ ጋብዞ ነው ያሳየኝ።

ክረምቱ ገባ። ዝናብ በጣለ ቁጥር "ጌታ ሆይ፣ አንዲት ጠብታ ብቻ ታስገባበት" እላለሁ። ጸሎት ነው ይሄ? አልገባችም። ሚስቱ በዚያ ምድር ቤት በርበሬ አስቀምጣ ሻጋታ አልነካውም ተባለ። ከተካ ግንብ የተመለሰው ውሃ ሁሉ ደግሞ ቁልቁል ወደኔ ወረደ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ይሄን ሁሉስ በቻልኩት ነበር። የአቦ ጽዋ ማኅበራችን በየወሩ በየቤቱ ይዞራል፤ የሐምሌ ተረኛ እኔ ነኝ። ከማኅበርተኞቹ በዕድሜ ትልቋ እትዬ አስካለ መንገድ ላይ አገኙኝና፣ ቁርጥማት የያዘውን ጉልበታቸውን እያሹ፣ "ልጄ፣ ቅር እንዳይልህ። ያንተ ቤት ይበርዳል። የዘንድሮውን ተካ ምድር ቤት ብናደርገውስ?" አሉኝ።

ጉድ እኮ ነው! የኔን ጽዋ በተካ ቤት? ከአባቴ የተቀበልኩትን ጽዋ? ጠላውንና ድፎ ዳቦውን ተሸክሜ ሰው ደጅ ልቆም? "እትዬ፣ የኔም ቤት እኮ ደርቋል፤ እኔም ፕላስቲክ አስገብቻለሁ" አልኳቸው። እንግዲህ አንዴ ከአፌ ወጥቷል፤ ማስገባት ነው።

ከውጭ ለማልበስ መሠረቱን መቆፈር ሊኖርብኝ ነው። በዚያ ጭቃ ማን ይቆፍራል? ላፍቶ ሄጄ የድንኳን ፕላስቲክ ገዛሁ። እርጥበቱን ይመጥልኛል ብዬ ግድግዳውን መጀመሪያ ኖራ ቀባሁት። ከዚያ ፕላስቲኩን ከውስጥ፣ ከሳሎን በኩል ለጥፌ፣ ዳር ዳሩን አሽጌ፣ በላዩ ቀለም አስነካሁበት። ብርቄ፣ "ውሃው የሚመጣው ከውጭ፣ አንተ የለጠፍከው ከውስጥ" አለች። "አንቺ ደግሞ ነገር አታብዢ!" አልኳት።

የማኅበሩ ዕለት ሁሉም ግድግዳውን እየዳበሰ አደነቀ። ተካም አደነቀ። እትዬ አስካለን በክብር ግድግዳው ሥር አስቀመጥኳቸው። የንስሐ አባታችን ጸሎት ሲጀምሩ ቀና ብል፣ ከእትዬ አስካለ ጀርባ ግድግዳው ሆዱ ተነፍቷል። መውለጃዋ የደረሰ ሴት መስሏል! "እትዬ፣ ይነሱ" ልል አፌን ስከፍት ፕላስቲኩ ተቀደደ። ኖራ የቀላቀለ ነጭ ውሃ ከትከሻቸው እስከ ጉልበታቸው ወረደባቸው።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። እትዬ አስካለ ግን ጉልበታቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና እልልታቸውን አቀለጡት። "ወተት የመሰለ ጠበል! አቦዬ!" ቤቱ በእልልታ ተሞላ። አባ፣ "ቆዩ እንጂ፣ ዝም ብሎ ጠበል አይባልም፤ ይጣራ" ቢሉ ማን ይስማቸው! "ኖራ ነው እኮ፣ ኖራ!" ብዬ ብጮህ፣ "አቤት ትሕትናው!" አሉኝ።

ሰው ሁሉ በጠርሙስ በጠርሙስ ቀድቶ ሲሄድ ተካ ብቻ ቀረ። የተቀደደውን ግድግዳ አየ፣ ወደ ቪላው አየ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ከላይ ያለሁት እኮ እኔ ነኝ" አለኝ። "ውሃው መጀመሪያ የሚደርሰው እኔ ቤት ነበር። ያ የማይረባ ፕላስቲክ ነው ገፍቶ ላንተ የሰጠብኝ!"

ተካ በኔ ቀና? በኔ? እንዴት ደስ እንዳለኝ አልደብቃችሁም። ግን የእግዜር ጎረቤቴ ነው፤ አሳዘነኝ። "በአቦ ይዤሃለሁ ተካ፣ ኖራ ነው፤ እኔው ራሴ ነኝ የቀባሁት" ብዬ ማልኩለት።

"ሰው እንዳይቀናብህ ነው እንዲህ የምትለው" አለ። "ነገውኑ አስቆፍሬ አስነቅለዋለሁ።"

ምን ላድርግ? መከርኩት፣ ማልኩለት፣ እምቢ አለ።

"እንግዲያው አደራህን" አልኩት፤ "ሲነቅሉት እንዳይቀዳድዱት።"