የእህቴ ልጅ፣ ክቡር ተጠራጣሪው

በየቤቱ አንድ የማያምን ሰው አይጠፋም። ቆልፎ ከወጣ በኋላ ከመንገድ ተመልሶ የበሩን እጀታ የሚነቀንቅ፣ "ደህና ነኝ" ሲሉት ግንባር የሚዳስስ። የእኛ ቤቱ ግን ከሁሉም ይብሳል። እናቱ ስትሞት እኔ ያሳደግኩት የእህቴ ልጅ ነው። ገና በልጅነቱ ዳቦውን ሣጥን ውስጥ ከቶ ሣጥኑን በገመድ ያስር ነበር። "ማን ይወስድብሃል?" ስለው፣ "ማን እንደሚወስድማ ባውቅ ለምን አስራለሁ?" ይለኛል። አድጎ የኮምፒውተር ሰው ሆነ፤ እኛም "ክቡር ተጠራጣሪ" አልነው።

ታዲያ ሰፈራችን አዲስ ጤና ጣቢያ ሲሠራ የበሽተኛው ሁሉ ካርድ በኮምፒውተር ይሁን ተባለና ሥራው ለክቡርነታቸው ተሰጠ። ምሳ ሳመላልስ ያየሁትን ጉድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የተነሡት በዋናው ሐኪም ላይ ነው። ሐኪሙ የይለፍ ቃላቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው ስክሪኑ ላይ ለጥፈውታል። ክቡርነታቸው ወረቀቷን በሁለት ጣት ላጥ አደረጓትና፣

"ዶክተር፣ የቤትዎን ቁልፍም በሩ ላይ አንጠልጥለው ነው የሚወጡት?" አሏቸው።

ያን የሚያህሉ ሰው እንደ ተማሪ አንገታቸውን ሲደፉ አይቼ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ሌላ ቀን ደግሞ፣ ሠራተኛው በሙሉ ሥራ ላይ እንዳለ፣ ሄደው መብራቱን ከቆጣሪው ድርግም አደረጉት። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ጨለማውን እየዳበሰች ወጣች።

"ማነው ይሄ እብድ?"

"እኔ ነኝ። ባትሪው ይይዝ እንደሆነ እያየሁ ነው።"

"ይይዛል ብለህ የለ እንዴ?"

"ብያለሁ። ሳላይ ግን አላምንም።"

ኮምፒውተሮቹ ንቅንቅ አላሉም። የእኔ ልብ ግን እስካሁን አልተመለሰችም።

የባሰው የምረቃው ዋዜማ ነው። የበሽተኛው ሁሉ ካርድ የተቀመጠበት ዋናው ማሽን ሙቀት ስለማይስማማው ክፍሉ ሁልጊዜ እንደቀዘቀዘ ነው። ነርሶቹ ለእንግዶች የተገዛው አበባ እንዳይጠወልግ ብለው ዘበኛውን ለምነው አስከፈቱና፣ ውኃ የሞላውን ማስቀመጫ እማሽኑ አናት ላይ ጉብ አደረጉት። ክቡርነታቸው ገብተው ሲያዩ አመድ መሰሉ።

"ይሄ ውኃ ቢፈስ፣" አሉ ቀስ ብለው፣ "ነገ የትኛውን በሽተኛ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ማን ይነግራችኋል?"

ከዚያ ወዲህ የክፍሉ ቁልፍ ከአንገታቸው አልወረደም። እኔ እንኳ አንድ ቀን ወበቁ ሲያቃጥለኝ፣ "እስኪ ትንሽ ገብቼ ልቀዝቅዝ" ብላቸው፣ "እቴቴ፣ እናቴም ከመቃብር ብትነሣ አትገባም" ብለው ያመጣሁላቸውን ምሳ ተቀብለው እኔን ደጅ አስቀሩኝ። አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ!

ጤና ጣቢያው ሥራ ከጀመረ በኋላ ጡቴ ላይ እብጠት ዳሰስኩ። እህቴን የወሰዳት ይኸው ነው። ማንም ሳይሰማ ሄጄ ተመረመርኩ፤ ሐኪሙንም "ለዚያ ልጅ እንዳይነግሩብኝ" ብዬ ለመንኩ። ውጤቴን የሰማሁ ለት ቤት ስገባ ልጁ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ዓይኑ ደም መስሏል።

ደነገጥኩ። "ካርዴን አየኸው አይደል?"

"አላየሁም። ወደ ምርመራ ክፍል ስትገቢ ግን አይቼሻለሁ። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመስኩም።"

"አንተ አይደለህ እንዴ የሠራኸው? ከፍተህ አታይም?"

"ለእኔ አይከፈትም። ሥራውን ስጨርስ መጀመሪያ የዘጋሁት በራሴ ላይ ነው። እኔስ ምኔ ይታመናል፣ እቴቴ? አንቺው ንገሪኝ።"

"ክፉ አይደለም ብለውኛል ሐኪሙ፤ ውኃ የቋጠረ ነው አሉኝ" አልኩትና "ሳላይ አላምንም" እስኪለኝ ጠበቅኩ።

አላለኝም። ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ ጥሎ፣ ዳቦውን በገመድ ያስር እንደነበረው ልጅ ተንሰቀሰቀ።

ሲወጣለት ዓይኑን ጠረገና ተነሣ። የደጁን እጀታ ነቅነቅ አድርጎ ተመልሶ አጠገቤ ተቀመጠ።