አቶ በነፃና ሦስቱ ካምፖች

ነፃ ነገር የማያመልጠው ሰው የሌለበት ሰፈር ገና አልተሠራም። አዲስ ሱቅ ሲመረቅ ሪባኑ ሳይቆረጥ ከመቀሱ አጠገብ ቆሞ የሚገኘው እሱ ነው። ድንኳን ተተክሎ የደም ግፊት በነፃ ሲለካ ጠዋትም ከሰዓትም ይለካል፤ "ጠዋት የለካችኝ ሌላዋ ናት፣ እስቲ እናመሳክረው" ይላል። ኮፍያው የባንክ፣ ጃንጥላው የኢንሹራንስ፣ ካናቴራው ደግሞ ለማያውቀው ዕጩ የምርጫ ቅስቀሳ የታተመ ነው። ጥርሱን ሳያመው፣ ብሩሽ ስለሚታደል ብቻ አፉን ከፍቶ የተሰለፈ ሰው አይታችሁ ይሆናል። እሱ ነው።

አንድ ፎቅ ላይ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ቀጥሎ የሚኖሩት ሰው የዚህ ወገን አለቃ ነበሩ። ሙያቸው የቧንቧ ሥራ ነው። የፎቁ ነዋሪ በሙሉ "አቶ በነፃ" ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙ የተሰጣቸው በነፃ ስለሆነ ቅር አላላቸውም። አንቱ የምንላቸው ለዕድሜያቸው አይደለም፣ ገና አርባን ያለፉ ጎልማሳ ናቸው። ግን በነፃ ነገር እዚህ ማዕረግ የደረሰን ሰው አንተ ማለት ድፍረት ይሆናል።

ሰፊዋ እዚያ ፎቅ የገባችው የአቶ በነፃ ሚስት ከሞተች በኋላ ስለሆነ ሴትዮዋን አታውቃትም። የምታውቀው ሰውዬውንና ሚጡ የምትባለውን ትንሽ ልጃቸውን ነው። በዚያ ቤት የሟች ነገር አይነሳም። ፎቶዋ እንኳ ግድግዳ ላይ የለም። ግድግዳው ራሱ እንዲያው ለስሙ የቆመ ነው፤ አንዱ ቤት ሰው ሲያነጥስ ከሌላው ቤት "ይማርህ" ይባላል። ሰፊዋም ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ስትሰፋ የጎረቤቷን ኑሮ ሳትፈልግ ትሰማ ነበር።

ትምህርት ቤት የተዘጋ ሰሞን አቶ በነፃ የባንኩን ኮፍያ ደፍተው በሯን አንኳኩ።

"እትዬ፣ ሰማሽ? ቤተ ክርስቲያኗ ለልጆች የክረምት ካምፕ ከፍታለች። ከሐይቁ ማዶ፣ ጫካው ውስጥ። ምግቡ፣ መኝታው፣ መኪናው..."

"ነፃ ነው!" አለች ሰፊዋ ቃሉን ከአፋቸው ነጥቃ።

"ነፃ ነው! የሚፈልጉት ረጅም ቀሚስና ነጭ ሻሽ ብቻ።"

"ቆይ እስቲ፣ እናንተ የዚያ ቤተ ክርስቲያን አባል ናችሁ እንዴ?"

"እኛ?" አሉ አቶ በነፃ፣ ያልጠበቁት ጥያቄ ሆኖባቸው። "እኛ ጎረቤቶቹ ነን።"

ሰፊዋ አብራቸው የመጣችውን የሚጡን ቁመት መለካት ጀመረች። አቶ በነፃ ግን ገና አልጨረሱም።

"ቀሚሱን ዘርፉን አርዝሚው፤ ለመስጊዱም እንዲሆን።"

"የምን መስጊድ?"

"የመስጊዱ ካምፕ ከዚያ ቀጥሎ ነው። እሱም ነፃ ነው። ሻሹንም ሰፋ አድርጊው፣ እዚያ አንገት ድረስ መሸፈን አለበት። ከዚያ የጸሎት ቤቱ ይከተላል። እነሱ እንኳ ካናቴራውን ራሳቸው ይሰጣሉ፣ ይባረኩ።"

ሰፊዋ በጥርሷ የያዘችውን ስፒል አወጣች። "ሰው አንዱን እምነት መያዝ አቅቶታል፣ አንተ ሦስቱን በአንድ ክረምት?"

"ምን ችግር አለው? ልጅቷ ትብላ፣ ትዘምር፣ አየር ትቀይር።"

የጉዞው ቀን ጠዋት አቶ በነፃ ደረጃው ላይ ለልጃቸው የመጨረሻውን ምክር ሲሰጡ ፎቁ ሁሉ ሰማ። "አሜን ሲሉ አሜን በይ። ዝም ሲሉ ዝም በይ። ሲታጠቡ ታጠቢ። ግራ ሲገባሽ ከፊትሽ ያለችውን ልጅ እያየሽ አድርጊ። የማን ልጅ ነሽ ብለው ከጠየቁሽ ደግሞ ሳል ይያዝሽ።" ሚጡ ወዲያው ሳል ተለማመደች። ጥሩ አድርጋ ትስል ነበር።

ከመጀመሪያው ካምፕ ስትመለስ መዝሙር ይዛ መጣች፣ ጉንጯም ሞላ ብሎ ነበር። ሌላም ነገር ይዛ መጥታለች። አመሻሽ ላይ አባቷ በሩን ሲከፍቱ ገፍታ አትገባም፤ ደፉ ላይ ቆማ፣ ጨለማውን ክፍል እያየች "ደህና ዋልሽ?" ትላለች፤ ከዚያ ትንሽ ጠብቃ ትገባለች። ሰፊዋ ይህን ደጋግማ ካየች በኋላ ልጅቷን ያዘቻት።

"ማንን ነው ሰላም የምትይው የኔ እናት?"

"ያለችውን።"

"ማን አለች?"

"የሞተ ሰው ቶሎ ከቤቱ አይርቅም፤ ሰላም ካላሉት ይከፋዋል።"

"መምህሯ ናት ያለችሽ?"

"አይ፣ መምህሯ ስለ ሰማይ ነው ያስተማረችን። ይሄን ያለችኝ ከላይኛው አልጋ የምትተኛዋ ልጅ ናት።"

ካምፕ ገብቶ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ትምህርት ቀን ቀን በመምህር፣ መብራት ከጠፋ በኋላ ደግሞ ከላይኛው አልጋ ይሰጣል። ከሁለቱ የማይረሳው የላይኛው አልጋ ነው። ከመስጊዱ ካምፕም ሚጡ እጅና እግር አስተጣጠብን አሳምራ ተምራ፣ ትልቅ ሰው የሚያስቀና ጨዋነት ይዛ ተመለሰች። ነገር ግን ማታ ማታ ቤቷ ውስጥ ከጥግ እስከ ጥግ እየረገጠች መሄድ ጀመረች። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። የሰፊዋ መደርደሪያ ላይ ያለው የልብስ ቁልፍ ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

"ሚጡዬ፣ ምነው ወለሉን እንዲህ መደብደብሽ?"

"የሞተ ሰው የኛን ኮቴ ይሰማል፤ ከጎኔ የምትተኛዋ ልጅ ናት የነገረችኝ። እማ የኔን እግር እንድታውቀው ነው።"

ሰፊዋ ሻሹን አጥባ ተኩሳ ሰጠቻት።

ሚጡ ወደ ጸሎት ቤቱ ካምፕ ሄደች። ያን ሰሞን ዝናቡና ጭጋጉ በረታ፤ ከመስኮቱ ማዶ ያለው ፎቅ እንኳ አይታይም ነበር። ሰፊዋ በእኩለ ቀን ተቀምጣ የነተበ ኮሌታ ገልብጣ ስትሰፋ ከግድግዳው ወዲያ ኮቴ ሰማች። መጀመሪያ ልብ አላለችውም፤ ጆሮዋ ለምዶታል። ቆየት ብላ ግን መኪናዋን አቆመች። ልጅቷ ካምፕ ናት። አባትየው ሥራ ናቸው። ኮቴው ደግሞ የልጅ አረጋገጥ አይደለም፤ የቤት ነጠላ ጫማ የሚጎትት ሰው አካሄድ ነው። ሸርተት፣ ሸርተት፣ ከዚያ ቆም፤ አንድ ነገር ረስቶ እንደሚያስታውስ ሰው። ከዚያ ደግሞ ሸርተት።

"የቧንቧ ሠራተኛ ቤት ነው፣ ቧንቧ ይሆናል" አለች ለራሷ። ቧንቧ እንደማይራመድ ታውቃለች። በማግሥቱም ያው ነበር። በሦስተኛው ቀን ኮቴው ከጠዋት ጀምሮ ሲሄድ ቆይቶ ከሰዓት በኋላ እሷ ባለችበት ግድግዳ ፊት ለፊት መጥቶ ቆመ። ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች ተነሳች። አቶ በነፃ ለክፉ ቀን ብለው የተዉላትን ቁልፍ ከመሳቢያ አወጣችና በራቸውን ከፈተች።

አቶ በነፃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ላይ የሴት ነጠላ ጫማ፣ ተረከዛቸው ከኋላ ተርፎ።

እሷን ሲያዩ እንደ ልማዳቸው ለመሳቅ ሞከሩ። "ነፃ ጫማ ነው እትዬ። እንዲሁ ተቀምጦ ከሚያረጅ ብዬ..."

ሳቁ አልወጣላቸውም። እኛም ከዚህ ወዲያ አንቱታውን እንተወው፤ የሚስቱን ጫማ አጥልቆ የሚያለቅስ ሰው ማዕረግ አይፈልግም።

"ከጠዋት ጀምሮ ስትሄድ ሰማሁህ" አለችው ሰፊዋ።

"እኔ? እኔማ አሁን መግባቴ ነው።" የመሣሪያ ቦርሳው በሩ ሥር ውኃ እያንጠባጠበ ነበር፤ ትከሻውም ርሷል። "እኔም ደረጃው ላይ ሆኜ ሰምቼ ነው እየሮጥኩ የገባሁት። ማንም የለም። ጫማው መሀል ወለሉ ላይ ነበር። እግሬን ሳስገባው..." ጫማውን በእጁ ዳበሰ። "ሞቆ ነበር እትዬ።"

ሰፊዋ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች። መፍራቷንም ረሳችው። ወሬ ለማስቀየር ያህል፣ "ማዘጋጃ ቤቱም ካምፕ ከፍቷል አሉ" አለችው። "ዋና ያስተምራል። ነፃ ነው።"

"ሄጄ ነበር።"

"እና?"

"የማንም እምነት አይደለንም አሉኝ። እሺ፣ ሰው ሲሞት ወዴት ይሄዳል ብላችሁ ነው የምታስተምሩት አልኩት፣ መዝጋቢውን። ግራ ገባው። እኛ ዋና ብቻ ነው የምናስተምረው አለኝ። አላስመዘገብኳትም።"

አቶ በነፃ ነፃ ነገር ትቶ ሲመለስ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰፊዋ ቀና ብላ አየችው።

"ሚስቴ በአንዱ እምነት አደገች፣ እኔ በሌላው" አለ ወለሉን እያየ። "ስንጋባ ሁለታችንም የየቤታችን በር ተዘጋብን። ግድ አልሰጠንም፤ እኛ ለኛ እንበቃለን አልን። ስትሞት ግን የቱን በር እንደማንኳኳ ጠፋኝ። የሷ ወገኖች ትታናለች አሉ፣ የኔዎቹ የኛ አይደለችም አሉ። ትልቅ ሰው ሆነሽ ስትጠይቂ መጀመሪያ 'አንተ የማን ነህ?' ነው የሚሉሽ። ልጅን ግን ያስገቧታል፣ ያበሏታል፣ የጠየቀችውን ይመልሱላታል። ልጄ ሦስቱንም ትጠይቅልኝና አንዱ እንኳ እናቷ የት እንዳለች ይንገረኝ ብዬ ነው።"

"ለሚጡስ ነግረሃታል?"

"ስለ እናቷ አፌን ከፍቼ አላውቅም። ከጀመርኩ የማቆም አይመስለኝም።"

ሰፊዋ ጫማውን ከእግሩ አወለቀችለትና አልጋው ሥር አጣምራ አስቀመጠችው። ያን ቀን ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም።

ሚጡ የመጣችው ዝናቡ ሳያባራ፣ ምሽት ላይ ነው። ጉልበቷ ድረስ የሚደርስ ቢጫ ካናቴራ ለብሳ ነበር። ሰፊዋ ከግድግዳው ወዲህ የደንበኛ ልብስ ዘርግታ ተቀምጣለች፤ መኪናዋን ግን አልነካችም። መቼም ጆሮ መጣል ነውር ነው፤ እሷም ነውር እየሠራች መሆኗን ታውቃለች።

"እሺ" አለ አባትየው። "ምን አሉሽ?"

"ሁሉም ያው ናቸው።"

"እንዴት ያው?"

"ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ ለእናትሽ እንጸልይላት ስሟ ማን ነው አሉኝ። መስጊድ፣ ዱዓ እናድርግላት ስሟ ማን ነው አሉኝ። አሁን ደግሞ ክብ ሠርተን የናፈቀንን ሰው ስም እንድንጠራ ተባልን። እኔ እማ አልኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ፤ የሁሉም እናት እማ ናት አሉኝ። አባ፣ ስሟን ሳይነግሯቸው እንዴት ያገኟታል?"

ዝናቡ አሸንዳው ውስጥ ይንደቀደቃል። ሰፊዋ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። የጥርስ ብሩሽ ተሰላፊውን፣ ደም ግፊቱን በቀን ሁለቴ የሚያስለካውን፣ ይሄን ለማንም የማይመች ጎረቤቷን እንደ ታናሽ ወንድሟ እንደምትወደው ያን ጊዜ ነው የገባት። "በል እንጂ" አለች በሹክሹክታ። "በል፣ አንተ ሰው።"

እሱም ጠራት። ስሟን እዚህ አንጽፈውም፤ እኛን አልጠራም። የለቅሶ አጠራር አልነበረም። ባል ፎጣው የት እንዳለ ሲጠፋው ከወዲያኛው ክፍል ሚስቱን እንደሚጠራት ነው የጠራት፣ ከፍ አድርጎ፣ ትመልሳለች ብሎ።

"ወዬ" የሚል ድምፅ ተሰማ።

ልጅ ለአባቷ "አቤት" ነው የምትለው። "ወዬ" ብላ የምትመልስ ሚስት ናት። ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች፣ ምናልባት እኔ ራሴ እሆን ብላ። እሷ አልነበረችም። ከግድግዳው ወዲያ የሚጡ ድምፅ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይፈራ።

"አባ፣ ደግመህ ጥራት።"