እጅ የምትነሣው መኪና

እኛ ሰዎች ዝቅ ማለትን ከማንም አንማርም። ለጌታ ዝቅ፣ ለካህን ዝቅ፣ ለአማት ዝቅ እንላለን። ማዕድ ላይ አንዱ "ይቅደሙ"፣ ሌላው "ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ" ሲባባሉ ወጡ ይቀዘቅዛል፤ በር ላይማ ስንገባበዝ ስንት ጊዜ ዝናብ እንደመታን እናንተም ታውቁታላችሁ። ታዲያ ይህ ሁሉ ትሕትና መሪ የጨበጥን ዕለት የት እንደሚገባ አላውቅም። በእግሩ ሲሄድ ለጥላው መንገድ የሚለቅ ሰው መኪና ላይ ሲወጣ ረጅም መብራቱን ቦግ አድርጎ ይመጣባችኋል። ዝቅ አድርግ ብትሉት "ለማን ብዬ?" ይላችኋል። ጥፋቱ የቃሉም ይመስለኛል። መብራቱን "አሳጥር" ብንል ኖሮ ማንም ባልከፋው። እኛ ግን "ዝቅ አድርግ" አልን፤ በአገራችን ደግሞ ዝቅ ማለት ማዕረግ ይነካል።

አጎቴን፣ ግራዝማች ደስታን፣ ላስተዋውቃችሁ። የእናቴ ወንድም ናቸው። ሱሉልታ ላይ ከወፍጮና ከማር ንግድ ባጠራቀሙት፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ አንዲት ረጅም የአሜሪካ መኪና ገዙ። ይህች መኪና ከፊት መስታወቷ ሥር፣ በውስጥ በኩል፣ አንድ ዓይን ተተክሎባታል። ከወዲያ ብርሃን ሲመጣ ያ ዓይን ያይና ረጅሙን መብራት በራሱ ያሳጥረዋል፤ መንገደኛው ሲያልፍ መልሶ ያረዝመዋል። ሾፌሩ የመብራቱን ማሳጠሪያ ለመርገጥ እግሩን እንኳ አያንቀሳቅስም። ነገሩን ስሰማ የሠራውን ሰው መረቅሁት። ግራዝማች ግን ዓይኑ ምን እንደሚሠራ አልጠየቁም፤ ጌጥ መስሏቸው በየጠዋቱ ያስወለውሉት ነበር።

የእኔ ጉዳይ ደግሞ እንዲህ ነው። በሱሉልታ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። ጫልቱ የምትባል የጫንጮ ልጅ ሻሽ ልትገዛ መጥታ ዋጋ ስትከራከረኝ፣ ሱቁን ከነመደርደሪያው ላስረክባት ምንም አልቀረኝም። አባቷ ኦቦ ቱፋ የተከበሩ ገበሬ ናቸው፤ እኔን በዓይናቸው አይተውኝ አያውቁም። ሌላ ጠያቂም ደጃቸውን እየጠና መሆኑን ሰምቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ፤ ከዘመዶቼ ማዕረግ ያላቸው ግራዝማች ብቻ ናቸው። በወጉ ጠያቂው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። እኔ ግን የአጎቴን አፍ ስለማውቅ፣ ጫንጮ መግቢያ ላይ ወርጄ እጠብቃለሁ ብዬ ከኋላ፣ አብረዋቸው በሚሄዱት ሁለት ሽማግሌዎች መካከል ተሸጎጥሁ።

ውላችን ከምሳ በኋላ እንድንነሣ ነበር። ግራዝማች መኪናዋ ካልታጠበች አልሄድም አሉ። ታጠበች። ጎማውም ይታጠብ አሉ። የሱሉልታ ጭቃ ውስጥ ልንገባ ጎማ ስናጥብ ጀንበር አዘቀዘቀች። ሽማግሌውን የመረጥሁት ራሴ ነኝና እኔም ጨርቅ ይዤ አጠብሁ።

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ከከተማው ወጣን። ሾፌሩ በዳሳ መብራት አበራ። ድርቆሽ የጫነ መኪና ከፊታችን ብቅ ሲል የእኛዋ ወዲያው ዝቅ አለች።

"ለማን ነው ዝቅ ያልከው?" አሉ ግራዝማች።

"እኔ አይደለሁም ጌታዬ፣ ራሷ ናት። ዓይኗ ካየ ዝቅ ትላለች።"

"ማን ፈቀደላት?"

በዳሳ መንዳቱን ቀጠለ። እሳቸውም እያጉረመረሙ ዋጡት። ጥቂት እንደሄድን ግን መንገድ ዳር፣ ጠላ ቤት ደጃፍ ላይ ፋኖስ ተንጠልጥሎ ነበር፤ መኪናዋ ለእሱም እጅ ነሣች። ይህን አልቻሉም። "የእኔ መኪና ለጠላ ቤት ፋኖስ!" ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁና ዓይኑ ላይ ደፉበት። ረጅሙ መብራት ቦግ እንዳለ ቀረ።

"ጌታዬ፣ ከፊት የሚመጣው ሰው አያይም" አለ በዳሳ።

"እኛ እናያለን።"

ከዚህ መልስ ጋር ተጋጭቶ የማያውቅ ሰው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ።

ጫንጮ ስንቃረብ አንድ ፈረሰኛ ጥግ ይዞ ይመጣ ነበር። ብርሃኑ ሲመታው ፊቱን በክንዱ ሸፈነ፤ ፈረሱ ደነበረ። ግራዝማች በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው "አንተ ሰውዬ፣ መንገድ ልቀቅ!" አሉት። ለቀቀ። ፈረሱ ወደ ማሳው ፈረጠጠ፣ ሰውየው ቦይ ውስጥ ገባ።

በዳሳ መኪናዋን አቆመ። እኔ ወጉም ሽምግልናውም ጠፍቶብኝ በሽማግሌዎቹ ጉልበት ላይ ተረማምጄ ወረድሁና ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ጭቃው ወገብ ይደርሳል። የወደቁት ሰው በዕድሜ የገፉ ናቸው። በብብታቸው ይዤ ስጎትታቸው ጭቃውን ከአፋቸው ጠርገው "አካም ኦልታን" አሉኝ። እንዴት ዋላችሁ ማለታቸው ነው፤ ቦይ ውስጥ ሆነው። ቀጥለው "ይህ ፀሐይ የማነው?" ሲሉ የዚያው አገር ልጅ የሆነው በዳሳ ድምፃቸውን አወቀ።

"ኦቦ ቱፋ ናቸው" አለ።

እንግዶቻቸው ሲዘገዩባቸው ሊቀበሉን ወጥተው ኖሯል። እኔ እዚያው ቦዩ ውስጥ ብቀር በወደድሁ። ግራዝማች ወርደው፣ አሁን "አንተ" ያሏቸውን ሰው "እርስዎ" ማለት ከየት እንደሚጀመር ጠፍቷቸው ተንተባተቡ። በመጨረሻ በገዛ መብራታቸው ፊት፣ በባዶ ራሳቸው፣ እስከ መሬት ዝቅ አሉ። አላዘንሁላቸውም። ጫልቱን ያጣሁ መስሎኝ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ቤታቸው ስንደርስ ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው ለመኑ፤ እኔ ጭቃዬን ይዤ ደጅ ቀረሁ፣ በሩ ግን ክፍት ነበር። ኦቦ ቱፋ ልብስ ለውጠው መጡና ጠየቁ።

"ያ ከእኔ ጋር ቦይ የገባው ልጅ ማነው? ፊቱን በመብራቱ ደህና አድርጌ አይቼዋለሁ።"

ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እሱ ነው ጠያቂው።"

"ጠያቂ ከሽማግሌ ጋር ይመጣል?"

"አይመጣም ነበር።"

ኦቦ ቱፋ ወደ ክፍቱ በር ዞረው አዩኝ። "ያኛው ጠያቂ የላካቸው ሽማግሌዎች የተከበሩ ናቸው" አሉ፤ "እሱን ግን አላየሁትም። ይሄን አየሁት። ልጅቷ እሺ ካለች እኔም እሺ ብያለሁ።"

ጫልቱን ጠርተው ጠየቋት። እሺ አለች።

ግራዝማች ከዚያ ወዲህ የመኪናዋን ዓይን የገለጡላት ከመሰላችሁ አታውቋቸውም። በሠርጋችን ዕለት ዳስ ሙሉ ሰው ፊት ተነሥተው "ይህን ጎጆ ያቆመው የእኔ መብራት ነው፤ ዝቅ ብል ኖሮ ይህን ልጅ ማን ያየው ነበር?" አሉ። ዳሱ አጨበጨበላቸው፤ ኦቦ ቱፋ ሳይቀሩ። ይኸው ዛሬም ሲመሽ በጫንጮ መንገድ ሲመጡ መንገደኛው እየተሳደበ ቦይ ቦዩን ይይዛል። ኧረ ይተዉ ልላቸው አፌን እከፍትና አጠገቤ የተቀመጠችውን ሚስቴን አያለሁ። እኔ በምን አፌ ልናገራቸው?