የዘሃራ ሃይብሪድ ስንት ትበላለች?

በእኛ አገር አዲስ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ትሠራለች?» አይደለም። «ምን ትበላለች?» ነው። በሬ ሲገዛ እንዲህ ነው፣ ወፍጮ ሲተከል እንዲህ ነው፣ ከሩቅ አገር ሙሽራ ስትመጣም፣ ጮክ ተብሎ ባይነገርም፣ እንዲሁ ነው። ጉልበት ሁለተኛ ጥያቄ ነው። አትፍረዱብን። የወሎ ቦረናን ደጋ የምታውቁ ከሆነ ጎተራና አፍ እያስተያየ የሚኖር ሰው ለምን እንዲህ እንደሚያስብ ይገባችኋል፤ ጥር ላይ የተትረፈረፈ የመሰለ እህል ነሐሴ ላይ ምን እንደሚሆን ማንም አያስተምረንም፣ ነሐሴ ራሱ ይነግረናል።

ስለዚህ ዘሃራ መካነ ሰላም ማደያ ላይ ሃይብሪድ መኪናዋን፣ ቤንዚንም ባትሪም ያላትን፣ ይዛ ስትሰለፍ ሰልፉ በሙሉ ወደ እሷ ዞረ። ዘሃራ የሸኽ ሙሄ ልጅ ናት፤ አባቷ ከመስጊዱ ጎን ቁርአን ያስቀራሉ። እሷ አሥር ዓመት ያህል ኩዌት ሰው ቤት ሠርታ፣ መንጃ ፈቃድም እዚያው አውጥታ ተመለሰች። ያጠራቀመችው ሁሉ ያለቀው በዚች መኪና ላይ ነው። ሐሳቧ ከመካነ ሰላም አቀስታ ሰው እያመላለሰች እዚሁ መኖር ነበር።

«በሊትር ስንት ትሄድልሻለች?» አላት አንዱ።

«ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር።»

«ወላሂ በይ!»

«ወላሂ አልልም። ወረቀቱ ነው የሚለው።»

«የፈረስ ጉልበቷስ?»

«መቶ ሃያ።»

ከለጋምቦ የመጣ ፈረስ ነጋዴ ቆሞ ይሰማ ነበር። «መቶ ሃያ ፈረስ በአንዲት ሊትር ይህን ሁሉ መንገድ? የኔ አንዱ ብቻውን አቀስታ እስኪደርስ ግማሽ ቁና ገብስ ይጨርሳል። እህቴ፣ ያንቺዎቹ ጾመኞች ናቸው።»

ሰልፉ ሳቀ፤ ዘሃራም ሳቀች። አባቷ አልሳቁም።

ያልሳቁበት ምክንያት ነበራቸው። ከደሴ የመጣ አንድ ነጋዴ መኪናዋን ወዷት ጁምዓ ዕለት ቁርጡን ንገሩኝ ብሏል። የኩዌቷ እመቤትም ተመልሰሽ ነይ ብላ ቪዛ ልካለች። ሸኽ ሙሄ ነገሩን አሳጥረው አስቀመጡት፤ ወረቀቱ እውነት ከሆነ ልጄ ትኑር፣ ሐሰት ከሆነ ግን መኪናዋ ቁማ ሳታስርባት ሸጣ ትሂድ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሸኽ ሙሄ ደግሞ ከቁርአን በቀር ሌላ ወረቀት አያምኑም። የሚያምኑት ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁና ተጠራሁ።

ስለ ወጣትነቴ መናገር አልወድም። እዚህ የሚያስፈልገውን ብቻ ልበል። ያኔ የመኪናው ባለቤት ማታ ማታ የቀረውን ነዳጅ ለመለካት ታንከሩ ውስጥ እንጨት ይከታል። እንጨቱ ከሚገባው በላይ ደርቆ ከወጣ የሚቀነሰው ከኔ ምግብ ነው። ስለዚህ የዚህን አገር ቁልቁለት የማውቀው በሆዴ ነው። ማርሹን ኒውትራል ላይ ጥሎ፣ ጎማውን ከሞተሩ አላቅቆ፣ መኪናውን መልቀቅ ራት ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ መልቀቅ ራትና ቁርስ ነበር። አንድ ጓደኛዬ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ዓባይ ሲወርድ ፍሬን አጣ። በማግስቱ እኔ በዚያው ቁልቁለት ወረድኩ። ሞተሩን አላጠፋሁም። ኒውትራል ላይ ግን ጣልኩት። ርቦኝ ነበር።

ወደ መኪናዋ ልመለስ።

በእኛ ዘንድ በቅሎ ስትፈተን ባለቤቷ አይቀመጥባትም። ባለቤት ዓመሏን ያውቃል፣ ይሸፍንላታል። የሚቀመጠው እንግዳ ሰው ነው፤ ጭነት ይጨመርባታል፣ ዳገት ይመረጥላታል። ሸኽ ሙሄም ይህንኑ ሥርዓት አዘዙ። ረቡዕ ጧት ታንከሩ እስከ አፉ ተሞላ። ከኋላ አንድ ኩንታል ገብስ ተጫነ። ዘሃራ ከገብሱ ጎን ተቀመጠች፣ ሸኽ ከፊት፣ መሪው ለኔ።

ቁልፉን ነካሁ። ምንም ድምፅ የለም።

«ሸኽ፣ ይቺ ነገር ሳትነሣ ሞታለች» አልኩ።

«አልሞተችም ጋሽ ይማም» አለች ዘሃራ ከኋላ። «ተነሥታለች። ይንዷት።»

ነዳኋት። እውነት እላችኋለሁ፣ እንደ ልጅ ነበር የገረመኝ። ከከተማው እስክንወጣ ጎማው ጠጠር ሲረግጥ ይሰማኛል፣ ሞተሩ ግን የለም። ዳገቱ ሲመጣ ሞተሩም ሳልጠራው መጣ። ገብሱንም እኛንም ይዛ ስትወጣ አላቃሰተችም። መቶ ሃያውን ፈረስ አልቆጠርኳቸውም፤ ግን አንዳቸውም አላሳፈሩኝም። ቁልቁለቱን ደግሞ እንደ ልማዴ በጥንቃቄ፣ በቁጠባ ወረድኩት። አቀስታ ደርሰን ተመለስን፣ እንደገና እስከ አፉ ሞላን፣ ኪሎ ሜትሩን ለገባው ሊትር አካፈልን።

አሥራ አምስት።

«አሥራ አምስትማ» አሉ ሸኽ፣ «የማንም አሮጌ መኪና ይሄዳል።» ዘሃራ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «እመቤቴ ደስ ይላታል» ብቻ አለች።

ሐሙስ ጧት ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ለምን ብትሉኝ፣ ነገሩ ከንክኖኝ ነበር። ዳገት ላይ እንዲያ የታዘዘች መኪና እንዴት ሆዳም ትሆናለች? ዘሃራን ያገኘኋት ለሚገዛት ሰው መኪናዋን ስታጥብ ነው። መሪው ጎን ያለው፣ ስክሪን የሚሉት መስታወት ላይ የሚታየው ሥዕል ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ይኼ ባትሪው ነው፣ ይኼ ጎማው። ዳገት ላይ ቀስቱ ከባትሪው ወደ ጎማው ይሄዳል። ቁልቁለት ላይ ከጎማው ወደ ባትሪው ይመለሳል።»

«ይመለሳል? ማን ይመልሰዋል?»

«ቁልቁለቱ ነዋ! ጎማው ሲዞር ባትሪውን ይሞላዋል። በዚያ ነው የምትቆጥበው።» ጨርቁን ጨመቀችው። «ትናንት ግን አንዴም አልተመለሰም። ከኋላ ሆኜ ሳየው ነበር። ባትሪው የተበላሸ ሸጠውልኛል መሰለኝ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ቁልቁለት ነዳጅ የሚያስቆጥብ እንጂ የሚሰጥ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። እንዴት ያለ ነገር ነው? ወርደህ ስትጨርስ ከመነሻህ የበለጠ ይዘህ ትገኛለህ። ሌላም ነገር አሰብኩ። ዝም ማለት እችላለሁ። ባትሪው ነው ብላለች፣ ባትሪው ይሁን። ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው በማን ይጠየቃል?

«ቁልቁለት ላይ ማርሹን ምን እንደማደርገው አላየሽም?» አልኳት።

«የሚነዳ ትልቅ ሰው እጁ አይታይም፣ ነውር ነው።»

«ኒውትራል ላይ ነበር የምጥለው።»

«የቱ ቁልቁለት ላይ?»

«ሁሉም ላይ።»

ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። «አንቱ ጋሽ ይማም! ኒውትራል ላይ ጎማው ባትሪውን አይሞላም። መንገዱ ሲያጎርሳት አፏን ይዘውባት ነዋ!»

ሸኽ ሙሄን ማሳመን ከባድ ነበር። ባለቤቷ ራሷ ትንዳ ሲባል የበቅሎዋን ሥርዓት ጠቅሰው እምቢ አሉ። «ሸኽ» አልኳቸው፣ «ትናንት የተፈተንኩት እኔ ነኝ። ወድቄያለሁ። ዛሬ መኪናዋ ትፈተን።» ካዩኝ በኋላ ተነሡ።

ዘሃራ መሪውን ያዘች። ያው ገብስ፣ ያው መንገድ። ሸኽ ከኋላ፣ እኔ ከጎኗ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ቀኝ እጄ ማርሽ ፍለጋ ሄዶ የበሩን እጀታ ያዘ።

«ጋሼ፣ እየሄድን ሊወርዱ ነው?» አለች።

እጄን ከጭኔ ሥር ከተትኩት። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ዓይኔን ግን ከሥዕሉ ላይ አልነቀልኩም። ቀስቱ ዞረ። ባትሪው ሞላ፣ ሞላ፣ ሞላ። በዚያ መንገድ ላይ ራቴን ስቆጥር የኖርኩ ሰው፣ መንገዱ ራሱ ሲሰጥ አየሁ።

ተመልሰን ሞላን፣ አካፈልን። ሃያ ሁለት።

«ሃያ አምስት አይደለም» አሉ ሸኽ ሙሄ። «ወረቀቱ ዋሽቷል።»

«ወረቀቱ ትንሽ ዋሽቷል ሸኽ። እኔ ብዙ ዋሽቻለሁ።»

ጁምዓ ዕለት ከሶላት በኋላ የደሴው ነጋዴ መጣ፤ መኪናዋ አትሸጥም ተባለና ሄደ። ዘሃራ ለኩዌቷ እመቤት አልመጣም ብላ ላከች። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ስለነበር ሸኽ ዱአ እናድርግ አሉ። ሁላችንም መዳፋችንን ዘረጋን። አንዱ ሽማግሌ «ለመኪናዋ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«እሷ ጤነኛ ናት» አሉ ሸኽ ሙሄ። ወደኔ አላዩም። «ያ ረቢ፣ ከይማም ሆድ ያወጣህለትን ረሃብ ከእጁም አውጣለት።»

ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔም አልኩ፤ ቀስ ብዬ።