ወይንን ከታጂን የሚያጋባው ጎረቤቴ

አንባቢ ሆይ፣ ወይንን ከምግብ ጋር ካላጋባ እህል የማይወርድለት ሰው ገጥሞህ ያውቃል? እኔ በትርጓሜ ቤት ሳለሁ ስለ ወይን ምሥጢር ብዙ ተምሬአለሁ፤ ከየትኛው ወጥ ጋር እንደሚስማማ ግን መምህሬ አልነገሩኝም።

ይህን የተማርኩት እዚህ በስደት በምኖርበት በካልጋሪ ከተማ፣ ማርቲንዴል ሰፈር፣ ከጎረቤቴ ከዳዊት ነው። ዳዊት ሊያገባት ወደሚሻት ልጅ ቤተሰብ ሽማግሌ ሆነን እንድንሄድለት ሊለምነን፣ እኔንና የወሎውን ሰው ሐጂ ሰይድን እራት ጠራን። የሞሮኮ ታጂን፣ ማለትም ከደረቅ ፕሪም ጋር በሸክላ የበሰለ የበግ ሥጋ አቀረበ። ጠርሙሱንም እንደ አራስ ልጅ አቅፎ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሬድ ወይን ከፕሪሙ ጋር ፐርፌክት ማች ያደርጋል። ሥጋውን ደግሞ ለሐጂ ብዬ ከሐላል ሥጋ ቤት ነው የገዛሁት።»

እንዴት ያለ አሳቢ ሰው ነው! ወይኑ የበቀለበትን ኮረብታ ሳይቀር አጥንቷል። ነገር ግን ሐጂ ወይን አይቀምሱም፤ እኔም በሙስሊም የታረደ ሥጋ አልበላም። ስለዚህ ሐጂ ሥጋውን፣ እኔ ወይኑን ያዝንና ያ ሁሉ የተደከመበት ጋብቻ በጠረጴዛው መካከል ፈረሰ።

«እንዴት ነው?» አለ ዳዊት።

«ሥጋው ግሩም ነው» አሉ ሐጂ።

«ወይኑም እንዲሁ» አልኩ።

ሁለቱን በአንድ አፍ ሊያገናኝ የሚችለው ዳዊት ብቻ ነበር፤ እርሱ ግን ለሽምግልና ልመናው ከእኛ መልስ ሲጠብቅ አንዲት ጉርሻ እንኳ አልዋጠም። ሐጂ አየት አደረጉኝ፤ እኔም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ሐጂ ሳህኑን ወደ ዳዊት ገፋ አደረጉለት።

«አብሽር ልጄ፣ እንሄድልሃለን። አሁን ብላ!»