ሊቀ ትከሻ

በዚህ ዓለም ላይ ከታመመ ሰው ይልቅ መድኃኒት ያወቀ ሰው ያስፈራል። የታመመው ቢበዛ ያቃስታል፤ ተከናንቦ ይተኛል፤ ሳትጠይቁኝ ቀራችሁ ብሎ ያኮርፋል። መድኃኒት ያወቀው ግን ጤነኛውን አሳዶ ይይዛል። ከዚህ ወገን ደግሞ ክፉው ትናንት ያወቀው ነው። ሃያ ዓመት የተማረ ሐኪም "እስቲ እንየው" ሲል፣ ትናንት የተማረው "አገኘሁት!" ይላል። እንዲህ ያለ ሰው በየቤተሰቡና በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ ታድሏል። ለእኛ የደረሱን "ሊቀ ትከሻ" ብለን የሰየምናቸው ሰው ናቸው።

እኛ የማተሚያ ቤት አራሚዎች ነን። ጥንድ ጥንድ ሆነን እንቀመጣለን። አንዱ ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ፊደሉ ለኅትመት የተለቀመውን ገጽ ይከተላል፣ የጎደለውን ይሞላል። አንባቢው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ምልክቱንም ይጠራል፤ "ነጠላ ሰረዝ"፣ "አራት ነጥብ" እያለ። ተከታዩ የሰማውን ያምናል፤ ካላመነ ሥራ የለም። ቀኑን ሙሉ እንደ ተቀጣ ተማሪ አቀርቅረን ውለን ወደ ቤታችን ለመሄድ ቀና ስንል፣ አንገታችን እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይላል።

ሊቀ ትከሻ የሠላሳ ዓመት አንባቢ ናቸው። የሠላሳ ዓመት ተከታያቸው ደግሞ እትዬ ናቸው፤ የሰው መጽሐፍ ውስጥ ስህተት ሲያገኙ ብቻ ፈገግ የሚሉ ሴት። የእትዬ ቀኝ ክንድ ከትከሻ በላይ አልነሳ ካለ ወራት ሆኖታል። ክፍሉ ሁሉ ያውቃል፤ ሥራ አስኪያጁ አያውቅም። እንዲያውቅም አንፈልግም። በእኛ ቤት ክንዱ የከዳው አራሚ ወደ ወረቀት መጋዘን ይወርዳል። መጋዘን ውስጥ ያለው ወረቀት ባዶ ነው፤ የሚነበብ ነገር የለም። ለእትዬ ይህ ከነሕይወት መቀበር ነው። "ሐኪም ዘንድ ይሂዱ" ያላቸውን ሁሉ "ምን አገባህ" ብለው ሸኝተዋል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሊቀ ትከሻ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ወረቀቷ ላይ ዓይንም አፍንጫም የሌላቸው መላጣ ሥዕሎች አንገታቸውን ያዘነብላሉ፣ ትከሻቸውን ያሽከረክራሉ።

"ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክፍል ውስጥ የደረቀ አንገት አይኖርም!" ብለው አወጁ።

"ጋሼ፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?" አልኳቸው።

"ሳያም ነው እንጂ! ካመመማ ምኑን ብልህ ሆንክ? ተነሥ!"

ተነሣን። ምን እናድርግ፣ በዕድሜም በአገልግሎትም ይበልጡናል። ትከሻችንን ወደ ጆሯችን ሰቅለን ቀስ ብለን አወረድን። ወደ ኋላ አሽከረከርን። ጆሯችንን ወደ ትከሻችን አዘነበልን፤ አንድ ሰው ምስጢር የሚነግረን ይመስል። እኔ ቶሎ ልገላገል ብዬ አንገቴን ቀጭ ሳደርገው ከወዲያ ጫፍ ጮኹብኝ።

"ቀስ! አንገት እኮ ነው፣ የቧንቧ መክፈቻ አይደለም!"

ይህችን አባባል በቀን አርባ ጊዜ ሰምተናታል። ሹፌሩ ሰምቷታል፤ ደብዳቤ ሊያደርስ የመጣው ፖስተኛ ሰምቷታል። አንድ ገጣሚ የግጥሙን ረቂቅ ሊያስረክብ መጥቶ ትከሻውን ሲያሽከረክር ቆይቶ፣ ረቂቁን እንደያዘ ወደ ቤቱ ተመልሷል።

ግድግዳውም አልተረፈም። ጣቶቻችንን እንደ ሸረሪት በግድግዳው ላይ ወደ ላይ እያራመድን፣ ሳያመን የደረስንበት ላይ በእርሳስ ምልክት እናደርጋለን። ሥራ አስኪያጁ ያንን ሁሉ ጭረት አይቶ "ግድግዳውን ልትቀቡት ነው?" አለ። "አንገት ነው" አሉት ሊቀ ትከሻ። ገብቶት እንደሆነ እንጃ፣ ወጣ።

የሊቅነታቸው ጥግ ግን ሥርዓተ ነጥቡ ነው። "ሥራ ፈታችሁ እንዳይሉን ከሥራው ጋር እናስማማው" ብለው ደነገጉ። ነጠላ ሰረዝ ሲጠራ ትከሻ ከፍ ዝቅ። አራት ነጥብ ሲጠራ እስክሪብቶ ይቀመጣል፣ ክንድ ይንጠለጠላል፣ አንገት ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ፣ ቀስ ብሎ ወደ ግራ። እንግዲህ ፍረዱኝ! የልጆች ተረት የደረሰው ጥንድ ከወንበሩ ሲወዛወዝ ይውላል። የሕግ ሰነድ የደረሰው ደግሞ በሁለት ገጽ አንድ አራት ነጥብ አያገኝም፤ እንደ ሐውልት ደርቆ ይቀራል።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነበር። ሊቀ ትከሻ ሁላችንን ሲያሳድዱ፣ እውነተኛዋን በሽተኛ፣ እትዬን፣ አንድ ቀን "ተነሺ" ብለዋቸው አያውቁም። ዞር ብለውም አያዩዋቸውም። "ስብከቱ ለጤነኛ ብቻ ነው" እያልኩ በየቢሮው አማኋቸው። እትዬም በራሳቸው ጊዜ፣ "እብደቱ የጋራ ከሆነ እኔስ ለምን ይቅርብኝ" ብለው ከኋላ ተሰልፈው፣ ግራቸውን ከፍ፣ ቀኛቸውን ትንሽ ያደርጉ ነበር።

ከዚያ አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ውል ሊታተም መጣ። ሊቀ ትከሻ አነበቡ፣ እትዬ ተከተሉ። ታትሞ ሲወጣ የድርጅቱ ጠበቃ እየጮኸ ገባ፤ ሁለት ገጽ የሚረዝመው ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ማንም ያላስቀመጣቸው ሦስት አራት ነጥቦች ቁጭ ብለዋል። ከረቂቁ ላይ የሉም።

"ማነው ይህን የቆረጠው?" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ የእትዬን ቀይ እስክሪብቶ እያየ።

"እኔ ነኝ" አሉ ሊቀ ትከሻ። "እሷ የሰማችውን ጻፈች። የጠራሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ ሳተ።"

በሠላሳ ዓመት አንድ ሰረዝ ያልሳቱ ሰው! ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። ማስጠንቀቂያውን ጮክ ብለው አነበቡልን፤ መጨረሻው ላይ "አራት ነጥብ" ብለው አንገታቸውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አዞሩ። እኔም "ደግ አደረጉ! ስፖርታቸው አናታቸው ላይ ወጣ" ብዬ ሳቅሁ።

በሳምንቱ የእኔው አንገት ያዘኝ። ተደብቄ ክሊኒክ ሄድኩ። ፊዚዮቴራፒስቷ አንገቴን እየዳሰሰች የት እንደምሠራ ጠየቀችኝ፤ ስነግራት ሳቋ አመለጣት።

"እኚያ የሰው ትከሻ ይዘው የሚመጡት አባት ደህና ናቸው?"

"የሰው ትከሻ?"

"ቀኝ ክንዴ አልነሳ አለ ብለው መጡ። ሳየው እንደ ቅቤ ነው። 'አባቴ፣ ይህ ደህና ነው' ብላቸው፣ 'አውቃለሁ፤ ባለትከሻዋ አልመጣም ብላኝ ነው፤ ለእኔ አሳዪኝ' አይሉኝም! በውክልና አላክምም አልኳቸው። እስኪያመጧት ድረስ ለማንም የማይጎዳውን፣ ቀላል ቀላሉን በወረቀት ሰጠኋቸው። ክንዷን በየጥቂት ደቂቃው ታሳርፍ አልኩ። ለምነው ለምነው በስንት ጊዜያቸው ይዘዋት መጡ።"

እኔ እዚያ አልጋ ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ ፊቴን ፎጣ ውስጥ ቀብሬ፣ ሦስቱን አራት ነጥቦች አሰብኩ። እትዬ ለብቻቸው "ተነሺ" ቢባሉ በጄ አይሉም። ስለዚህ ሰውየው ክፍሉን በሙሉ አሳበዱት። የውሉ ዓረፍተ ነገር አላልቅ ሲል፣ የእትዬ ከንፈር በሕመም ሲጨማደድ አይተው፣ የሌለ አራት ነጥብ ጠሩላቸው። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። እኔ ደግሞ በየቢሮው እየዞርኩ ሳማ ነበር። ምላሴም ፊዚዮቴራፒ ሳያስፈልገው አይቀርም።

ባለፈው ሳምንት እትዬ አርፍደው ገቡ። ክንዳቸው ከከዳቸው ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጸጉራቸውን የምታበጥርላቸው ልጃቸው ነበረች፤ እሷ አግብታ ሌላ ከተማ ሄደች። የዚያን ቀኑን ራሳቸው ናቸው ያበጠሩት፣ በዚያው ከትከሻ በላይ አልነሳ ብሎ በነበረው ቀኝ ክንድ። መሐል ላይ የተከፈለው መስመር ከግንባራቸው ተነሥቶ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ የሆነ ቦታ ይጠፋል። አንደኛው ጉንጉን ከጆሮ በላይ፣ ሌላኛው ከጆሮ በታች። ሰባት አራሚ፣ ከሺህ ፊደል መሐል አንዲት የጎደለች ነጥብ የሚለቅም ዓይን፣ ሁሉም እሳቸው ላይ ተተከለ።

"ምን ታፈጣላችሁ?" አሉ እትዬ። ከዚያ ወደ ሊቀ ትከሻ ዞሩ። "አንተስ? ስህተት አለበት?"

ሊቀ ትከሻ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ያንን ጸጉር ከላይ እስከ ታች፣ መስመር በመስመር አነበቡት።

"እርማት የለውም፣ እህት ዓለም" አሉ። "ይታተም።"

በእኛ ቤት ደንብ "ይታተም" የሚለው ቃል ያለ ሁለተኛ አራሚ ፊርማ አይጸናም። ከወንበሬ ተነሥቼ፣ "እኔም ፈርሜያለሁ" አልኩ።